ያረጀ የነዳጅ ፍሳሽና ያልጠበቅነው ዝቅተኛ ሬዚስቲቪቲ

ጥያቄ፦ ከ20 ዓመት በፊት ባፈሰሰ የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ዙሪያ የኤሌክትሪክ ሬዚስቲቪቲ (መሬቱ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚቋቋምበትን መጠን) ለክተን ነበር። ነዳጅ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከፍተኛ ንባብ ብንጠብቅም፣ ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ያገኘነው ዝቅተኛ ነው። የት ተሳሳትን?

መልስ፦ ምናልባት አልተሳሳታችሁም። አዲስ ፍሳሽ እንዳሉት ቢሆንም፣ በቆየው ላይ ባክቴሪያዎች ነዳጁን ሲበሉ የሚፈጠሩት አሲዶች የአፈሩን ማዕድናት እያሟሙ ውሃውን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ አዮኖች (ቻርጅ ባላቸው ቅንጣቶች) ስለሚያበለጽጉት ሬዚስቲቪቲው ይወርዳል። በሚሺጋን፣ በቀድሞው የወርትስሚዝ አየር ኃይል ሰፈር የታየው ይኸው ነበር።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም የሸክላ አፈርም የተቀበረ የብረት ቧንቧም ንባቡን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ብሆን የመለኪያውን መስመር ነዳጅ እስካልደረሰበት ንጹሕ መሬት ሳላስረዝምና ቆፍሬ ናሙና ሳልወስድ የልኬቱን ካርታ አላስረክብም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የድሮውን ንድፍ ሳየው ለካ ቧንቧው ከ7ኛው ኤሌክትሮድ (ለመለኪያ መሬት ላይ ከተከልነው ዘንግ) ሥር ያልፋል፤ ያንን መስመር ደግመን እንለካለን።