ባሕር የገባበት አሮጌ ቤት፦ ልስኑን ላፍርሰው ወይስ ልጠብቅ?

ጠያቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ የአያቴ ነው። ከባሕሩ ብዙም አይርቅም። ግድግዳው በኖራ የተገነባና በኖራ የተለሰነ ጡብ ነው፤ ወለሉ ጣውላ። ከዘጠኝ ቀን በፊት አውሎ ነፋሱ የመጣ ሌሊት ባሕሩ ቤት ገባ። እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። በማግስቱ ወጣ።

ጭቃውን ጠርገን ጨርሰናል። አሁን ግን ልስኑ ላይ ነጭ ብናኝ እየወጣ ነው። የሳሎኑ ጣውላ ጠርዝ ጠርዙ ተነሥቷል። ሽታውም አልለቀቀም።

አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ አየው። «ልስኑን አራግፈን በሲሚንቶ እንለስናለን፣ ጣውላውን ነቅለን ሴራሚክ እናነጥፋለን፣ በሦስት ሳምንት ትገባላችሁ» አለ። እናቴ ሦስት ሳምንት ስትሰማ ፊቷ በራ። የተወለደችው እዚያ ቤት ነው። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ውሉ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አልፈረምኩም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ግንበኛው

እህቴ፣ ውሉን አትፈርሚ። ሃያ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። የራሴም ቤት ባሕር ገብቶበታል። ሙያው እያለኝ ተሳስቼ የከፈልኩበት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ነጩ ብናኝ ጨው ሳይሆን አይቀርም። ጠብታ ውሃ ነካ አድርጊበት፤ ከሟሟ ጨው ነው። ውሃው ከግድግዳው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ጡቡ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀርና ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ ሲያድግ ጡቡን ከውስጥ ይገፋዋል። ጡብ እንደ ደረቅ አፈር የሚፈረፈረው በዚህ ነው። በዚያ ላይ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ዝናብ ሳይጥል ግድግዳሽ ሲያልበው ታያለሽ።

ስለዚህ መጀመሪያ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ጠርገሽ ሰብስቢና ከቤት አውጪው። ሳትጠርጊ ውሃ ብታፈሽበት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ግድግዳውን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ፣ በዝግታ፣ ከላይ ወደ ታች እጠቢው። የረጠበን ቤት ደግሞ ማርጠብ ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ። ግን ጨው እንደተሸከመ የደረቀ ግድግዳ ለዓመታት ይበላሻል። ጨው የጠነከረበት ቦታ ላይ ነጭ ሸክላ ወይም የወረቀት ድቃቂ በንጹሕ ውሃ አቡክተሽ ለጥፊ። እየደረቀ ሲሄድ ጨውን ወደ ራሱ ይስባል። ልጠሽ ትጥይዋለሽ። አንዴ አይበቃም፣ ትደግሚዋለሽ።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። የኖራ ግድግዳ ይተነፍሳል። እርጥበት ይገባበታል፣ በልስኑ በኩልም ይወጣል። በሲሚንቶ ስትለስኚው መውጫውን ዘጋሽበት ማለት ነው። እኔ ቸኩዬ የምሥራቁን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰንኩት። ያምር ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ልስኑ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ወደቀ። የወደቀው ብቻውን አልነበረም፤ የጡቡን ፊት ይዞ ነው የወረደው። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ሁለቱ ሲጋፉ የሚሸነፈው ጡቡ ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ እኮ የባለቤትነት መብት የተሰጠው በ1824 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት በኖራ ሲገነባ ኖሯል፣ ባሕር ዳርቻም ላይ ጭምር።

ልስኑን በጣትሽ አንኳኪው። ባዶ የሚጮኸው ብቻ ይውረድ። ድፍን የሚጮኸውን አትንኪው።

ሦስት ሳምንት የሚለውን እርሺው። እኛ ዘንድ ያለው ግምት ግንብ በወር ወደ 25 ሚሊሜትር ይደርቃል የሚል ነው። ውፍረቱን ለክተሽ አስቢው፣ ወራት ነው። ከውጭ ያለው አየር ከውስጡ ደረቅ ሲሆን መስኮት ክፈቺ፣ አየሩ ይንቀሳቀስ። በኃይለኛ ማሞቂያ ግን አታስጨንቂው፤ ልስኑም እንጨቱም ይሰነጠቃል።

አናጢዋ

ግድግዳው ላይ ጋሼ የሚሉት ልክ ነው። እኔ ስለ ጣውላው ልጨምር። በፍጹም አታስነቅዪው! በድሮ ቤት ያለው እንጨት ብዙ ጊዜ ከቆየ ዛፍ የተሰነጠቀ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። እንደሱ ያለ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

ጠርዙ የተነሣው የጣውላው ሆድ ከፊቱ ይልቅ ስለረጠበ ነው። ሲደርቅ አብዛኛው ይመለሳል። አሁን በመላጊያ ካስተካከልሽው ግን ስትመለሺ መሀሉ ጎብጦ ታገኚዋለሽ። ሁለት ሦስት ጣውላ በጥንቃቄ አንሺ፣ በእርሳስ ቁጥር ጻፊባቸው፣ ከሥር ያለውን ጭቃ አስወጪ፣ አየር ይግባ። የእርጥበት መለኪያ ስትጠቀሚ ደግሞ ጨው እንዳያታልልሽ። መሣሪያው የሚለካው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ነው፤ ጨው ያለበት እንጨት ደርቆም ርጥብ ነኝ ይላል። ባሕሩ ያልነካው ተመሳሳይ ጣውላ ካለ አብረሽ ለኪና አወዳድሪ።

መልሰሽ ስትመቺው በማይዝግ ብረት ሚስማር ይሁን። አሮጌውን ቀለም ደግሞ በደረቁ አትፈግፍጊ፤ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት (ሌድ) ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው መርዝ ነው። መጀመሪያ ይመርመር።

የመብራት ሠራተኛው

በአጭሩ። ውሃው ጉልበት ከደረሰ ሶኬቶቹ ሰጥመዋል። ደርቀዋል ብላችሁ መብራት እንዳትለቁ። የባሕር ውሃ የነካው ሶኬት፣ ማብሪያና መገጣጠሚያ ከደረቀም በኋላ መዛጉን ይቀጥላል፣ ቆይቶ እሳት ያስነሣል። የሰጠመው ሁሉ ይቀየር። ሽቦውን ባለሙያ ሳያየው ማንም አይንካው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ውሉን መለስኩት። እናቴን ማስረዳት ከበደኝ፣ ትንሽ አለቀሰች። ዛሬ ግን ራሷ ብሩሽ ይዛ ጨው ስትጠርግ ዋለች። አንኳኩተን አየን፤ ባዶ የሚጮኸው ከመስኮቱ ሥር ብቻ ነው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አያቴ በየዓመቱ ግድግዳውን በቀጭን ኖራ ይቀባ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ አጎቴ በፕላስቲክ ቀለም ቀባው። አያቴ ያንን ያደርግ የነበረው ለውበት ብቻ ነበር?

ግንበኛው

አይደለም። አያትሽ ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ጨው በዚያ ቀጭን ኖራ በኩል ይወጣል፣ ኖራው ይላጣል፣ በዓመቱ ይታደሳል። ጡቡ እንዳይጎዳ ኖራው ይጎዳለታል። ያ የፕላስቲክ ቀለም መነሣት አለበት፤ አናጢዋ ያለችውን ጥንቃቄ እዚያም ያዢ። ኖራ የምትቀቢው ግን ጨው መውጣቱ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ከመቀባትሽ በፊት ግድግዳውን ረጨት አድርጊው። ኖራው ቀጭን ይሁን፣ እየደጋገምሽ ቀቢ፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው ከልዪው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ዝግ ይላል።

የአያትሽ ብሩሽ አለ?

ጠያቂዋ

አለ። ከጓዳው በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ውሃው ከደረሰበት መስመር አንድ ክንድ ከፍ ይላል። አልነካውም።