ውጤቱ የወደቀ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንገመግም ከየት እንጀምር?

ጥያቄ (አዲሷ ኢንስፔክተር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ውጤቱ ከዓመት ዓመት እያሽቆለቆለ የመጣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድንገመግም ተመድበናል። የተሰጠን ሁለት ቀን ነው። ቅጹ በጣም ረጅም ነው፤ አጥሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ዕቅዱ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ያልተካተተ ነገር የለም። ሞልቼው ብወጣ ማንም አይጠይቀኝም። ግን ልጆቹ ለምን እንደማይማሩ ሳይገባኝ መውጣት አልፈልግም። ሥራውን የምታውቁት፣ ከምን ትጀምራላችሁ?

መልስ 1 (የቀድሞ ሱፐርቫይዘር)፦
እህቴ፣ ከልጆቹ ጀምሪ። መጀመሪያ ቢሮ ከገባሽ ፋይል በፋይል ላይ ይደረደርልሻል፣ ግማሽ ቀንሽ እዚያው ያልቃል።

ጠዋቱን ለንባብ ስጪው። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ካሉት ጥቂት ልጆች ምረጪ። መምህሩ እንዲመርጥልሽ አትፍቀጂ፣ ጎበዞቹን ነው የሚልክልሽ። የስም መጥሪያውን ይዘሽ በየአምስተኛው ስም ጥሪ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ አስነብቢያቸው። ህንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ኤሰር በሚባለው ጥናቱ የሚጠቀምበት መፈተኛ በጣም ቀላል ነው፦ ፊደል፣ ቃል፣ የአንደኛ ክፍል አጭር አንቀጽ፣ የሁለተኛ ክፍል አጭር ታሪክ። ልጁ የቱ ጋ እንደቆመ ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በሚማሩበት ቋንቋ አዘጋጂው። ጽሑፉን ግን ከመማሪያ መጽሐፋቸው እንዳትወስጂ፤ ገጹን በቃሉ ይዞ እያየ የሚያነብ የሚመስል ልጅ ብዙ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ታሪኩ ስለምን እንደሆነ ጠይቂው።

አራተኛ ክፍል ደርሰው ቃል ላይ የቆሙ ልጆች ከበዙ የችግሩን ሥር አገኘሽው ማለት ነው። የሳይንሱም የሒሳቡም መጽሐፍ ለእነሱ ዝግ ነው፣ መምህሩ የቱንም ያህል ቢደክም።

ቀጥሎ ደብተር። የሦስት ልጆችን ደብተር ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ ጎን ለጎን ዘርግተሽ እዪ። ከሰሌዳ የተገለበጠ ብቻ ነው ወይስ ልጁ ራሱ አስቦ የጻፈው ነገር አለ? ሲታረም ራይት ብቻ ተደርጎበት ታልፏል ወይስ የተሳሳተውን እንደገና ሠርቶታል? ቀኑስ ስንት ቦታ ላይ ይዘላል? የትምህርት ዕቅዱ ስለዚህ አንድም ነገር አይነግርሽም።

ክፍል ስትገቢ ደግሞ ኋላ ተቀምጠሽ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ቆዪ። ስታሊንግስ የሚባል የቆየ የክፍል ምልከታ ዘዴ አለ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 10 ጊዜ ቀና ትዪና በዚያች ቅጽበት መምህሩ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ስንት ልጆች እየተከታተሉ ስንቶቹ እንደተዘናጉ ትመዘግቢያለሽ። ይኸው ነው። የማስተማሪያው ጊዜ የት እንደሚባክን ቁልጭ ብሎ ይታይሻል።

መልስ 2 (መምህርት)፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ከመምህሩ ወገንም ልናገር። የንባቡን ውጤት ዘንድሮ ክፍሉን በተረከበው መምህር ላይ አታሸክሙት። አንደኛ ክፍል ማን እንዳስተማራቸው ጠይቂ። ብዙ ቦታ ጠንካራው መምህር ፈተና ያለበት ክፍል ይሰጠዋል፣ አንደኛ ክፍል ደግሞ አዲስ ለመጣው ወይም እምቢ ማለት ለማይችለው ይተውለታል። ልጁ ፊደል የሚይዘው እዚያ ነው እኮ! ስለዚህ የመምህራን ድልድሉን አይተሽ ለምን እንዲህ እንደተደለደለ ዳይሬክተሩን ጠይቂ።

መቅረትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የስድስት አገሮች ጥናት ነበር፤ ሳይነገር በተደረገ ጉብኝት በአማካይ 19 በመቶ መምህራን ትምህርት ቤት አልተገኙም። ይህ ቁጥር ያማል። ግን የቀረው ሁሉ ሰነፍ አይደለም፣ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ለሥልጠና ተልኮ፣ ታሞ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ለይታችሁ ካልጻፋችሁ መፍትሔውም አይገኝም።

ደረጃ አሰጣጡንም አደራ። እንግሊዝ ውስጥ ኦፍስቴድ የሚባለው የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት ሙሉ ትምህርት ቤትን በአንድ ቃል ይፈርጅ ነበር። አንዲት ርዕሰ መምህርት ሕይወቷን ካጠፋች በኋላ ግምገማው ለሞቷ አስተዋጽኦ እንደነበረው በይፋ ምርመራ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ላይ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው የአንድ ቃል ፍረጃ ቀረ። እናንተ ስትመጡ የምንደነግጠው በከንቱ አይደለም።

መልስ 3 (የወላጅ ኮሚቴ አባል)፦
እኔ አጭር ነው። መዝገብ ላይ ያለውን ቁጥር ትታችሁ በየክፍሉ ገብታችሁ ልጆቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። የቀሩት እነማን ናቸው? ሁሌ ገበያ ቀን ነው የሚቀሩት ወይስ ጠፍተው ነው? ወላጅን ደግሞ በር ላይ፣ ልጁን ሲያደርስ ጠይቁት፤ ስብሰባ ላይ ማንም እውነቱን አያወራም። ሽንት ቤት አለ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እዩ። መምህራን ጋ ከሆነ ለልጆቹ የለም ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የድልድሉን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፣ ያገኘሁትን ለመምህራኑ ልንገራቸው ወይስ ሪፖርቱ ይድረሳቸው?

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦
ሳትወጪ ንገሪያቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አብረሽ ተቀመጪ፣ ያየሽውን ያለ ስም አስረጂ፣ የሳትነው ካለ አርሙን በያቸው። ሪፖርት ወራት ፈጅቶ ሲመጣ ማንም አያነበውም፣ ሃያ ምክረ ሐሳብ ከተደረደረበት ደግሞ አንዱም አይሠራም። ሁለት ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ በቀን አንድ ሰዓት ልጆቹን በክፍል ደረጃ ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው መድቦ ማስተማር፤ ፕራታም በዚህ መንገድ ጥሩ ውጤት አግኝቶበታል፣ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ሁለተኛው አንደኛ ክፍልን ለጠንካራ መምህር መስጠት ይሁን። የምትመለሱበትን ቀን እዚያው ቆርጣችሁ ውጡ፣ ስትመለሱም ያኔ ያስነበባችኋቸውን ልጆች ነው እንደገና የምታስነብቡት፣ ስለዚህ የስም መጥሪያ ቁጥራቸውን መዝግበሽ ያዢ።