በደን ጅረት ውስጥ ካርቦን ሲጨምር ናይትሬት ለምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦
ደን መካከል ከሚፈስ አንድ ትንሽ ጅረት ለአንድ ዓመት ያህል በየወሩ የውኃ ናሙና ስወስድ ቆይቻለሁ። የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን (ከዕፅዋትና ከብስባሽ ወጥቶ በውኃው የሟሟ ካርቦን) ከፍ ባለባቸው ወራት ናይትሬት፣ ማለትም በውኃ የሚሟሟው የናይትሮጅንና የኦክስጅን ውሁድ፣ ዝቅ ይላል፤ የረገፈ ቅጠል የጅረቱን ወለል በሸፈነበት ወቅትማ መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው መጠን በታች ወረደ። ይሁንና በከባድ ዝናብ ማግስት በወሰድኳቸው ሁለት ናሙናዎች ካርቦኑም ናይትሬቱም አብረው ጨምረዋል። ይህ የኬሚስትሪው ጠባይ ነው ወይስ የእኔ ስሕተት?

መልስ 1፦
ስሕተት አይመስለኝም። የረገፈ ቅጠል ካርቦን የሞላበት ነገር ግን ናይትሮጅን ያነሰው ነው፤ ለአንድ የናይትሮጅን አቶም 50 እና ከዚያም በላይ የካርቦን አቶም መያዙ የተለመደ ሲሆን፣ ቅጠሉን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ሰውነታቸውን የሚገነቡበት ምጣኔ ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ የጎደላቸውን ናይትሮጅን በላያቸው ከሚያልፈው ውኃ ይስባሉ። ከወለሉ አንድ የጠቆረ ቅጠል አንሥተው በጣትዎ ቢያሹት የሚያሙለጨልጨው ስስ ልባስ የእነርሱ መኖሪያ ነው፤ ናይትሬትዎም በአብዛኛው እዚያ ገብቶ ይሆናል።

መልስ 2፦
ዲናይትሪፊኬሽንም አይዘንጋ። በቅጠል ክምር ሥርና በጠጠር መካከል ኦክስጅን ሲያልቅ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በእርሱ ፈንታ ናይትሬትን ለመተንፈሻ ይጠቀማሉ፤ ናይትሬቱም ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ቀጥሎም ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ለዚህም ማገዶው ያው ካርቦን ነው። ልዩነቱ፣ ልባሱ የወሰደው ናይትሮጅን ተሕዋስያኑ ሲሞቱ ወደ ውኃው ሊመለስ ይችላል፤ በጋዝ መልክ የወጣው ግን ከጅረቱ ተሰናበተ ማለት ነው።

የዝናቡ ጉዳይ ሌላ ነው። ውኃው በብስባሽ የበለጸገውን የላይኛውን አፈር አጥቦ ስለሚወርድ ካርቦኑንም የተጠራቀመውን ናይትሬትም አብሮ ያመጣል፤ ፍሰቱ ስለሚፈጥንም ተሕዋስያኑ ለመያዝ ጊዜ አያገኙም።

መልስ 3፦
ሁሉንም ለጅረቱ ብቻ አንስጠው፤ ዛፎቹም ድርሻ አላቸው። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ሃባርድ ብሩክ በተባለው የምርምር ደን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 መገባደጃ የአንድ ሙሉ ተፋሰስ ዛፎች ተቆርጠው ዳግም እንዳይበቅሉ በፀረ አረም መድኃኒት ሲታገዱ፣ በጅረቱ ውስጥ ያለው ናይትሬት እጅግ አሻቅቧል፤ አፈሩ ናይትሬት ማምረቱን ሲቀጥል የሚወስደው ሥር ጠፍቶ ነበርና።

ለማንኛውም ናሙናውን እዚያው ጅረቱ ዳር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያጣሩትና በቅዝቃዜ ያቆዩት፤ አለዚያ ተሕዋስያኑ ጠርሙስ ውስጥም ሥራቸውን አያቆሙም። በእያንዳንዱ ናሙና ቀን የፍሰቱን መጠን መመዝገብም የግድ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ማጣራቱን እዚያው አደርግ ነበር፤ ፍሰቱን ግን አንድም ቀን አልመዘገብኩም፤ የውኃ ከፍታ መለኪያው በትር ጠርሙሱን ከምሞላበት ቦታ አጠገብ ተተክሎ እያለ።