ሁሉ ለሞላለት ዘመድ የገና ስጦታ ይወሰድ ወይስ ይቅር?

የአራት ኪሎዋ፦ ገናን ሁሌ የምንውለው አክስቴ ቤት ነው። እሷና ባሏ ከቤተሰቡ የተሳካላቸው ናቸው፤ የጎደላቸው ነገር የለም። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ለስጦታ የምችለው ቢበዛ 2000 ብር ነው። ወንድሜ «እነሱ ቤት ዕቃ ይዞ መሄድ ብር መጣል ነው፣ እንዲሁ እንሂድ» ይላል። እናቴ ደግሞ «ባዶ እጅ የሰው ቤት አይገባም» ብላ ቆርጣለች። እናንተ ምን ትላላችሁ? ይሰጣል ካላችሁስ ምን ይሰጣል?

የካዛንቺሱ፦ እኔ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። የገና ስጦታ የሚባል ነገር እኛ ቤት መቼ ነበር? ልጆች ሳለን ገና ማለት ቅዳሴ፣ ዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦና የገና ጨዋታ ነው። በወረቀት የተጠቀለለው ዕቃ ከገና ዛፉ ጋር በኋላ የመጣ ነው፤ አሁን ደግሞ ግዴታ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰፈራችን በ2017 ሲፈርስ ጎረቤቶቻችን ተበታትነዋል። አብረን ቡና ስንጠጣ የኖርን እናቶች ዛሬ ከተማው ዳር ብቻቸውን በዓል ይውላሉ። 2000 ብር ካለሽ ዘይትና እንቁላል ይዘሽ እነሱ ጋ ሂጂ። አክስትሽ ምንም አይቀርባትም።

የፒያሳዋ፦ ጎረቤት መጠየቅን ማን ይቃወማል? ግን ያንን ለማድረግ ይሄኛው ለምን ይቀራል? «ሀብታም ስለሆነች አይገባትም» የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። ዓመቱን ሙሉ የሚጠየቀው ከእሷ ነው። የሠርግ መዋጮ፣ የሕክምና፣ የልጆች ትምህርት ቤት። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ተቀባይ ትሁን እንጂ።

የሜክሲኮው፦ ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው የመጡት የተወለደውን ለማክበር ነው። ስጦታ ሁልጊዜ ጉድለት መሙያ አይደለም። ሰውን «አንተ እኔ ዘንድ ክብር አለህ» የምንልበት መንገድ ነው። እናትሽ ያሉት ይህንን ይመስለኛል።

የካዛንቺሱ፦ ወንድሜ፣ የተወለደው እኮ በግርግም ነው! ስጦታው የሄደው በረት ውስጥ ወደተወለደ ሕፃን ነው። ሄሮድስም ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር፤ ወርቁን ለእሱ አልሰጡትም።

የለገሃሩ፦ ሁለታችሁንም የሚያስማማ ሐሳብ አለኝ። ብሩን መቄዶንያ ላሉ አረጋውያን ስጡና «በስምሽ አበርክተናል» የሚል ካርድ ለአክስትሽ አምጡላት። እሷም ትከበራለች፣ ችግረኛም ይጠቀማል።

የፒያሳዋ፦ መቄዶንያን መርዳት በጣም ደግ ሥራ ነው። በሰው ስም አድርጎ ካርድ መስጠቱ ግን አልተስማማኝም። የተሰጠው ላንተ ደስ ላለህ ዓላማ ነው፤ እሷን ማን ጠየቃት? ወንጌሉም «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ይላል። ምጽዋት ከሆነ በዝምታ ይሰጥ። ለአክስት ደግሞ ለእሷ ታስቦ የተመረጠ ነገር ይሂድላት።

የለገሃሩ፦ ታዲያ ለችግረኛ ከደረሰ በማን ስም ቢሰጥ ምን ችግር አለው? የሚበላው ሰው ካርዱን አያይም።

የመርካቶው፦ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስለ ዕቃው ልናገር። እህቴ፣ በ2000 ብር ከውጭ የገባ ነገር እንዳትገዢ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የነዚህ ዕቃዎች ዋጋ አይቀመስም። ሽቶም በይው የብርጭቆ ስብስብ፣ በዚህ ብር የሚደርስሽ ተራው ነው፤ እነሱ ደግሞ ዋናውን ያውቁታል። በአገር ምርት ከሄድሽ ግን በዚያው ብር ጥሩ የሚባለውን ታገኛለሽ። ለምሳሌ ቡና። ይርጋጨፌ ይሁን ሐረር፣ መጀመሪያ የትኛውን እንደሚወዱ በዘዴ ጠይቂ። ጥሬውን ብትሰጪ ወራት ይቆያል። የተቆላ ከሆነ በዋዜማው ይቆላልሽ፤ ሳምንታት ከቆየ መዓዛው ይሄዳል። ማርም ጥሩ ነው። ብቻ ከምታውቂው ሰው ግዢ፣ ስኳር የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ማሩ ቢረጋ አትደንግጪ፣ ንጹሕ ማርም ይረጋል።

የሽሮ ሜዳዋ፦ ነጠላ የረሳችሁት ለምንድን ነው? ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11። በመካከሉ ሁለት ሳምንት እንኳ የለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ለሀብታምም ለድሃም ነው። በገና የተሰጠ ነጠላ በጥምቀት ይለበሳል፤ ያንን ቀን ለብሳው ስታያት ደስ ይላል። ጋቢ በዚህ ብር ይከብዳል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ ግን አራት፤ ብዙ ጥጥ ይበላል። የእጅ ፈትል መሆኑን በደንብ አይተሽ፣ ጥለቱንም ካላት ቀሚስ ጋር የሚሄድ መርጠሽ ግዢ። በዓሉ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ስለሚወጣ ቶሎ ብለሽ ሂጂ።

የኦልድ ኤርፖርቷ፦ ልጆች፣ እኔ እናንተ የምታወሩላት ዓይነት አክስት ነኝና እስቲ ልናገር። በገና ማግስት ቤቴ በወይን ጠርሙስና በቸኮሌት ይሞላል። ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ እኔም ወይን አልጠጣም። ያንን ሁሉ የገዙት ከደመወዛቸው ቀንሰው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል። የሚያስደስተኝን ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ያዘጋጀችው በርበሬ። ዛላውን ራሷ መርጣ፣ ኮረሪማና በሶብላውን ራሷ መጥና ያስፈጨችው። ዛሬ ገበያው ላይ በርበሬና ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር እየተቀላቀለ ነው። ገንዘብ አለኝ፣ ግን ገንዘቤ ንጹሑን አይለይልኝም። እህቴ ያዘጋጀችውን ዓይኔን ጨፍኜ እበላለሁ።

ሌላው ፎቶ ነው። የእናቴ ፎቶ በየዘመዱ ቤት ነው ያለው፤ እኔ ጋ አንድም የለም። የእህቴ ልጅ ከአልበም አውጥታ፣ አሳጥባ፣ ከጀርባው የሰዎቹን ስም ጽፋ አመጣችልኝ። ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

የካዛንቺሱ፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው፣ አከብርዎታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከደመወዛቸው ቀንሰው መግዛታቸው ካሳዘነዎት ለምን አስቀድመው «ምንም አታምጡ» አይሏቸውም? የሚያወርዱት ሸክም ቀላል አይደለም። በተለይ ለወጣቶቹ። አንዳንዱ እኮ ስጦታ ስላጣ ብቻ በዓሉን ይቀራል።

የኦልድ ኤርፖርቷ፦ ብዬ ነበር ልጄ። «የእኛ ነገር ተናቀ» ብለው የተቀየሙኝ አሉ። አንዷ ጭራሽ መምጣት ተወች። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ በደስታ እቀበላለሁ። ቀላል እንዳይመስልህ፣ ብልም ችግር ነው፣ ባልልም ችግር ነው።

የፒያሳዋ፦ እንግዲህ «አታምጡ» ከማለት «ይህን አምጡልኝ» ማለት ይሻላል። «ከእናትሽ በርበሬ አንድ ኪሎ» ቢሉ ማን ይቀየማል? ሰጪው ይኮራል እንጂ።

የካዛንቺሱ፦ ይሄኛው ይሻላል። የገና ስጦታ ግዴታ መሆኑን ግን አሁንም አልቀበልም። እጁ ያጠረው ሰው ሳያፍር ባዶ እጁን የሚገባበት ቤት መኖር አለበት። የዘመድ ቤት ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

የሜክሲኮው፦ በዚህ እስማማለሁ። ባዶ እጁን የመጣውም ከፊት ይቀመጥ።

የአራት ኪሎዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የበርበሬውን ነገር ለእናቴ ነገርኳት፣ ወዲያው ዛላ ልትገዛ ተነሳች። እኔ የአያቴን ፎቶ አሳጥባለሁ። ከአክስቴ ጋር በደርግ ጊዜ የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ እኛ ቤት አለ፤ አንዱ ጥግ ተቀድዷል። ወንድሜ ግን አልተረታም። የእሱን ድርሻ ከካዛንቺስ ለተበተኑት እናቶች አደርሳለሁ ብሏል፤ እናቴም አልከለከለችውም። አሁን የምፈልገው የተቀደደ ፎቶ የሚያስተካክል ሰው ነው። ፒያሳ የማውቀው ፎቶ ቤት በ2016 ከፈረሱት መካከል ነው፤ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

የፒያሳዋ፦ አራት ኪሎ እዚያው ሰፈርሽ ያሉትን ፎቶ ቤቶች ጠይቂ። ፎቶውን ራስሽ በስልክ አንስተሽ እንዳትልኪ፣ ጥራቱ ይወርዳል። ዋናውን ይዘሽ ሂጂና በስካነር ያንሱልሽ፤ ፋይሉንም በፍላሽ ተቀበያቸው። ከታኅሣሥ 20 በፊት ስጫቸው፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ ነው።