ያላዘዝኩት ስልክ ቤቴ መጣ፣ ካርዴም ላይ የማላውቀው ሂሳብ አለ

በስሜና በአድራሻዬ ያላዘዝኩት ስልክ መጣልኝ፣ ክሬዲት ካርዴን ሳየው መጀመሪያ ትንሽዬ ብር ከዛ የስልኩ ሙሉ ዋጋ ተቆርጧል፣ አሁን ደግሞ አንዱ ደውሎ በስህተት ነው ሰው ልኬ ላስወስደው ይለኛል፣ ምን ላርግ?

— እንዳትሰጠው! ሌቦቹ ወደ ባለካርዱ አድራሻ የሚልኩት ሻጩ እንዳይጠረጥር ነው፣ ከዛ መጥተው ይወስዱታል። ትንሿ ሂሳብ ካርዱ ይሰራል ወይ ብለው የሞከሩባት ናት። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ባንክህ ጋ ደውለህ አሁኑኑ አስዘጋው፣ ሰውየው በሰጠህ ቁጥር ግን በጭራሽ።

— ሻጩንም በራሱ ዌብሳይት ገብተህ አናግረው፣ መመለሻውን እነሱ ያመቻቹልህ።

— ኢሜይልህንም እየው ወንድሜ፣ የትእዛዝ ማረጋገጫውን እንዳታይ የሚደብቅ ፊልተር አስገብተውበት ሊሆን ይችላል፣ አጥፋውና ፓስወርድ ቀይር።