ከቁም ሳጥን ውስጥ አልጠፋ ያለ የቫርኒሽ ሽታ

ጥያቄ፦
ውስጡም ውጪውም የዘይት ቫርኒሽ የተቀባ የእንጨት ቁም ሳጥን አለኝ። ከተቀባ ሳምንታት አልፈዋል፤ የውጪው ሽታ ጠፍቷል፤ በሩ ሲከፈት ግን ከውስጥ የሚወጣው ሽታ አሁንም ራስ ያሳምማል፣ ልብስም ላይ ይቀራል። ቤኪንግ ሶዳ በሳህን ባስቀምጥም ለውጥ አላየሁም። ቫርኒሹን ልፋቀው ወይስ በላዩ ሌላ ነገር ልቀባ?

መልስ፦
እባክዎ ለመፋቅ አይቸኩሉ። የዘይት ቫርኒሽ በመጀመሪያ ቲነሩ ይተንና ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ መጠንከሩን ይቀጥላል፣ በዚህ ሂደትም ሽታ ያላቸው ጋዞች ይወጣሉ። ይህ ሁለተኛ ደረጃ አየር ባለበት ቦታ እንኳ 30 ቀን ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ በሩ ተዘግቶ የሚውል ሣጥን ውስጥ ደግሞ የሚተነው መውጫ፣ ኦክስጅኑም መግቢያ ስለሚያጡ ከዚያም ይዘገያል። ቤኪንግ ሶዳው ያልረዳዎት ሽታው ገና እየተፈጠረ በመሆኑ ነው። ልብሱን ያውጡ፤ መሳቢያዎቹን ነቅለው ለየብቻ ያቁሙ፤ በሮቹን ከፍተው ማራገቢያ ወደ ውስጥ እንዲነፍስ ያድርጉ፤ የክፍሉ መስኮትም ይከፈት። ሞቃትና ደረቅ አየር ሥራውን ያፋጥነዋል።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። አየር ከጠገበ በኋላም ሽታ ከቀረ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሽተው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ሼላክ (ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የሚሠራ ቀለም አልባ ቅብ) ይቀቡት። ሼላክ በአልኮል የሚሟሟ በመሆኑ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለውንም ሽታ አፍኖ ይይዛል። ገና ባልጠነከረ ቫርኒሽ ላይ ግን ፈጽሞ አይቀባም፤ የሥረኛው ሳይጠነክር የላይኛው ከደረቀ ሊሰነጣጠቅ ይችላልና። አልኮሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት አጠገብ አይሥሩ። እኔ የሣጥን ውስጥ ከመጀመሪያውም በዘይት ቫርኒሽ መቀባት የለበትም ባይ ነኝ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጀርባው ሰሌዳ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) መሆኑን ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፤ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦
አዎን፣ ሊያመጣ ይችላል። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ብዙውን ጊዜ የሚጣበቁት ፎርማልዴሃይድ ባለው ሙጫ ስለሆነ፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ሲጨምር ከሰሌዳው ራሱ ፎርማልዴሃይድ የተባለው የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይወጣል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ የመደበው ይህንኑ ጋዝ በመሆኑ ቸል ሊባል አይገባም። ጋዙ በብዛት የሚወጣው ካልተሸፈነው ጠርዝና ከጀርባው ገጽ ነውና ሁለቱንም በደንብ ይሸፍኗቸው። የሽታው ምንጭ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን አንድ መሳቢያ በአንድ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት፣ የጀርባውን ሰሌዳ ደግሞ ፈትተው በሌላ ከረጢት አሽገው ያሳድሯቸውና ጠዋት ሁለቱንም ከፍተው ያነጻጽሩ።