ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሰርትቦት አላድስ አለኝ፤ በአፕት አፕዴት ባደርግም ቨርዥኑ ያው ነው

የትምህርት ቤቱ አይቲ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ዌብሳይት በኔ እጅ ነው። ሰርቨሩ ጀርመን ያለ የኪራይ ቪፒኤስ ነው፤ ኡቡንቱ 22.04፣ ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ፣ ሰርተፍኬቱ (ብራውዘር ሳይቱን እንዲያምን የሚያደርገው) በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት። ከጠዋት ጀምሮ ወላጆች «ሳይታችሁ አደገኛ ነው ይለናል» እያሉ ይደውላሉ። ሳየው የሰርተፍኬቱ ጊዜ አልፏል። ሰርተፍኬቱን የሚያድሰውን ፕሮግራም፣ ሰርትቦትን፣ ሪኒው ስል መጀመሪያ «ቻሌንጁ አልተሳካም» (ሳይቱ የኔ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም) ይል ነበር፤ ደጋግሜ ስሞክረው ደግሞ ይህን ብቻ ያወጣል፦

«አን አንኤክስፔክትድ ኤረር ኦከርድ፦ አትሪቢዩትኤረር፦ ካንት ሴት አትሪቢዩት»

በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) አፕዴትም አፕግሬድም አደረግኩ። ሰርትቦት ከ1.21.0 አይነቃነቅም፤ «የመጨረሻው ይሄ ነው» ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ስለ 4 እና 5 ያወራሉ። ሰርቨሩን ወደ 24.04 ላሳድገው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ድሮ ጊዜው ሲቃረብ ኢሜይል ይመጣ ነበር፣ ዘንድሮ እሱም ቀረ። የምዝገባ ሰሞን ነውና እህታችሁን ርዱኝ።

ጥቁር ስክሪን

እህቴ፣ ሳይት ወድቆ እያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መቀየር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። 24.04 ይቆይሽ።

አፕት አልዋሸሽም። ኤልቲኤስ (ለረጅም ዓመት የሚደገፈው የኡቡንቱ ዕትም) ሲወጣ የያዘውን ቨርዥን ይዞ ይኖራል፤ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው እዚያው አሮጌ ቨርዥን ላይ ይለጠፋል እንጂ ቁጥሩ ወደ አዲስ አይዘልም። ስለዚህ 20.04 ላይ 0.40.0፣ 22.04 ላይ 1.21.0፣ 24.04 ላይ 2.9.0 ታገኛለሽ። ለዳታቤዝ እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው፣ እኔም ሌሊት የሚያስተኛኝ እሱ ነው። ሰርትቦት ግን ውጭ ካለ አገልግሎት ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም ነው፤ ያኛው ወገን እኛን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌትስ ኢንክሪፕት የመጀመሪያውን ኤሲኤምኢ ፕሮቶኮል (ሰርተፍኬት የሚጠየቅበትን የመነጋገሪያ ደንብ) ሲዘጋው ባረጀ ፕሮግራም የሚያድሱ ሁሉ ቆመዋል። ከአፕት ውጭ መጫን ብዙ ጊዜ አልመክርም፣ ለሰርትቦት ግን እመክራለሁ።

አሁን ስለ ስህተቱ። ያ መልእክት ያንቺን ችግር አይናገርም። 1.21 በ22.04 ፓይተን 3.10 ላይ ሲሮጥ፣ ከሌትስ ኢንክሪፕት የመጣውን የእምቢታ መልስ ሊያሳይሽ ሲል ራሱ ይወድቃል። እውነተኛው ምክንያት ከኋላ ተደብቋል። አዲሱን ቨርዥን የምትጭኚው ምክንያቱን ለማንበብ ነው፤ ስለጫንሽው ብቻ ሰርተፍኬቱ ይታደሳል ብለሽ አትጠብቂ።

አካሄዱ፦ መጀመሪያ /ኢቲሲ/ሌትስኢንክሪፕት የሚለውን ፎልደር በታር ጠቅልለሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ ቁልፎችሽም አካውንትሽም እዚያ ናቸው። ቀጥሎ የአፕቱን ሰርትቦትና የኤንጂንኤክስ ፕለጊኑን በአፕት ሪሙቭ አውጪ። ፐርጅ እንዳትዪ፣ ፐርጅ ሴቲንግም ይጠርጋል። ከዚያ አዲሱን በስናፕ (ከአፕት የተለየ የፕሮግራም መጫኛ) ጫኚ፦

ሱዶ ስናፕ ኢንስቶል --ክላሲክ ሰርትቦት

ሱዶ ኤልኤን -ኤስ /ስናፕ/ቢን/ሰርትቦት /ዩኤስአር/ቢን/ሰርትቦት

ተርሚናሉን ዘግተሽ እንደገና ግቢ፤ ባሽ የድሮውን መንገድ በቃሉ ይዞ «ፋይሉ የለም» ሊልሽ ይችላል። ቨርዥኑን አይተሽ ሪኒውን በ --ድራይ-ረን ሞክሪ። ድራይ ረን የሚሄደው ወደ መሞከሪያው ሰርቨር ስለሆነ ከዋናው ኮታ አይቆጥርብሽም። --ፎርስ-ሪኒዋል (በግድ አድስ) የሚል ምክር ካየሽ እለፊው። በዋናው ላይ ለአንድ ስም በሰዓት 5 ያልተሳካ ማረጋገጫ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ስናፕ አልወድም

ስናፕ ራሱን በራሱ ያድሳል፣ ዲስክ ይበላል፣ ትንሽ ሜሞሪ ባለው ቪፒኤስ ላይ ደግሞ ከበድ ይላል። /ኦፕት ስር የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሲስተሙ የተለየ የፓይተን ክፍል) ከፍተሽ ሰርትቦትንና የኤንጂንኤክስ ፕለጊኑን በፒፕ፣ በፓይተን መጫኛው፣ መጫን ይቻላል፣ የሰርትቦት ሰዎች ራሳቸው የሚያሳዩት መንገድ ነው። በሲስተሙ ፓይተን ላይ በቀጥታ በፒፕ መጫን ግን ነውር ነው፣ አፕት የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች ያበላሽብሻል።

ጥቁር ስክሪን

ልክ ነህ፤ ግን በፒፕ ከሆነ ክሮኑን (በሰዓቱ ራሱ የሚሮጠውን ትእዛዝ) የምትጽፈውም፣ ከወር ወር አፕግሬድ የምታደርገውም ራሷ ናት። ሳይቱን የያዘችው ብቻዋን መሰለኝ፤ ራሱን የሚያድስ ይሻላታል። ዳታ ያስጨረሳል ብለሽም አትስጊ፣ የሚያወርደው ጀርመን ያለው ሰርቨር እንጂ ያንቺ ስልክ አይደለም።

የትምህርት ቤቱ አይቲ

በስናፕ ጫንኩት፣ እውነትም መልእክቱ ተቀየረ፦ በቅርቡ ብዙ ያልተሳካ ማረጋገጫ አለሽ፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ ተመለሺ ይላል። እስኪያልፍ በድራይ ረን ስሞክር ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት የማረጋገጫውን ፋይል ሊያነብ ሲል 404 (አልተገኘም) እንደተመለሰለት ይናገራል። አጠገቡ የማላውቀው ረጅም አድራሻ አለ፣ ፊደልና ቁጥር በሁለት ነጥብ የተለያየ። የሚገርመው የኔ ኤንጂንኤክስ ሎግ ላይ ጥያቄው ጭራሽ አልደረሰም። ፖርት 80 ክፍት ነው፣ ከስልኬ ሳይቱ ይከፈታል።

የኬብል ሰው

ያ ረጅም አድራሻ አይፒቪ6፣ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት ነው። ዲኤንኤስሽ (የሳይቱን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው) ላይ ኳድ ኤ የሚባል፣ የአይፒቪ6 አድራሻ የሚይዝ ሬኮርድ አለ፣ የሚያመለክተውም ሌላ ማሽን ነው፤ ምናልባት ሳይቱ ድሮ የነበረበትን። ኤ ሬኮርዱን (የድሮውን ዓይነት፣ የአይፒቪ4 አድራሻ የሚይዘውን) ወደ አዲሱ ሰርቨር ያዛወረው ሰው ይሄኛውን ረስቶታል።

ሌትስ ኢንክሪፕት ኳድ ኤ ካገኘ መጀመሪያ የሚሄደው በአይፒቪ6 ነው። መልስ አጥቶ ጊዜው ቢያልቅበት በአይፒቪ4 ይሞክራል፤ ያኛው ማሽን ግን በሕይወት አለ፣ 404 ብሎ ይመልሳል፣ መልስ ከተገኘ ደግሞ በዚያው ያበቃል። ከስልክሽ የሚከፈተው ብዙዎቻችን ጋ ያለው መስመር አይፒቪ4 ብቻ ስለሆነ ነው። ዲግ በሚለው ኮማንድ ኳድ ኤውን ጠይቂና ከሰርቨርሽ አድራሻ ጋር አስተያዪው። የዛሬው መፍትሔ ሬኮርዱን መሰረዝ ነው። በኋላ አይፒቪ6 ከፈለግሽ ትክክለኛውን አድራሻ አስገቢ፣ ኤንጂንኤክስም በአይፒቪ6 ፖርት 80ን እንዲያዳምጥ አድርጊ፤ አንዱን ያለ ሌላው ካደረግሽ ያው ነሽ።

የትምህርት ቤቱ አይቲ

ተገኘ! ኳድ ኤው የድሮው ሆስቲንግ ነበር። ሰረዝኩት፣ ዲኤንኤሱ እስኪዞር ጠበቅኩ፣ ድራይ ረኑ አለፈ፣ ከዚያ እውነተኛው ታደሰ። ኤንጂንኤክስንም ራሱ ሪሎድ አደረገው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሚቀጥለውስ ኢሜይሉ ለምን ቀረ?

ጥቁር ስክሪን

ኢሜይሉን ሌትስ ኢንክሪፕት ራሱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 2025 አቁሞታል፣ ከእንግዲህ አትጠብቂው። ሲስተምሲቲኤል ሊስት-ታይመርስ ብለሽ የስናፑ ሰርትቦት ታይመር መኖሩን እዪ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይነሳል።

ከዚያ በላይ የራስሽ ማስጠንቀቂያ ይኑርሽ። ከሌላ ማሽን ላይ በክሮን፣ ኦፕንኤስኤስኤል ፖርት 443 ላይ ያለውን ሰርተፍኬት ይዞ በ -ቼክኤንድ 1209600 ይመርምር፤ ቁጥሩ 14 ቀን በሴኮንድ ነው። ያን ያህል ዕድሜ ካልቀረው ቴሌግራም ይላክልሽ። ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል አትመርምሪ፤ ፋይሉ ታድሶ ኤንጂንኤክስ የድሮውን ይዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ደግሞ «በየ60 ቀኑ» ብላችሁ ክሮን የጻፋችሁ ሁሉ ቀይሩት። ዛሬ 90 ቀን የሆነው ዕድሜ በ2028 እ.ኤ.አ. ወደ 45 ይወርዳል። መቼ እንደሚታደስ ሰርትቦት ራሱ ይወስን፤ ከ4.1 ወዲህ ያለው ጊዜውን ሌትስ ኢንክሪፕትን ጠይቆ ያውቃል።

አዲስ አባል

በሰው ጥያቄ ገባሁ፣ ይቅርታ። እኔ 20.04 ላይ ነኝ፣ ሰርትቦት 0.40.0። ይሄው መንገድ ለኔም ይሠራል?

ስናፕ አልወድም

ይሠራል፣ ለአንተስ ስናፑን እኔም እመክርሃለሁ፤ የ20.04 ፓይተን 3.8 ስለሆነ በፒፕ አዲሱን አታገኝም። ግን የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. አልቋል። ለግል እስከ 5 ማሽን በነጻ የሚሰጠውን ኡቡንቱ ፕሮ ዛሬውኑ አያይዝ፣ ከዚያ አዲስ ማሽን ላይ 24.04 ጭነህ ሳይቱን አዛውረው። ስታዛውር ኳድ ኤውን አትርሳ።